በቆሽት ውስጥ የተሰወረ ዘር ይገኛልን?

አንድ ሕፃን በታመመ ጊዜ ሕመሙ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡ ሁሉ መሆኑን ልጅ ያሳደገ ሰው ያውቀዋል። አብዛኛው የሕፃናት ደዌ ግን የሚመጣበት ቀን እንዳለው ሁሉ የሚሄድበትም ቀን አለው። የስኳር በሽታ፥ ይልቁንም በልጅነት የሚይዘውና ሐኪሞች አንደኛው ዓይነት ብለው የሚጠሩት፥ ከቤት ገብቶ የማይወጣ እንግዳ ነው። እናት በየምግቡ ሰዓት መርፌ ትወጋለች፤ በሌሊትም ተነሥታ የልጇን ጣት በመርፌ ጫፍ ነክታ የደሙን ስኳር ትመረምራለች፤ ስኳሩ ከልክ በላይ ቢወርድ ልጁ ተኝቶ ሳለ ራሱን ሊስት፥ ከዚያም አልፎ ሊሞት ይችላልና። ይህም ድካም ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለዕድሜ ልክ ነው።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው፥ ይህን መርፌ ለማስቀረት ሲሉ ሊቃውንት ያደረጉትን ፍለጋ ነው። ይልቁንም በጎለመሰ ሰው ቆሽት ውስጥ አዲስ ሥጋ ሊያበቅል የሚችል የተሰወረ ዘር አለን ወይስ የለም በማለት የተነሣውን ክርክር እንደሚገባን መጠን እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቆሽት የሚለውን ቃል አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ከሥጋነቱ ይልቅ በአነጋገር ነው፤ ሰው እጅግ ሲበሳጭ «ቆሽቴ አረረ» ይላልና። በእርግጥ ግን ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ የተጋደመ፥ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር የሚያንስ፥ ለስላሳ ሥጋ ነው። ሥራውም ሁለት ነው። አንደኛው ምግብ የሚፈጭበትን ፈሳሽ አዘጋጅቶ በቦዩ አማካይነት ወደ አንጀት መስደድ ነው፤ የሥጋው አብዛኛው ክፍል ለዚህ ሥራ የተመደበ ነው። ሁለተኛውን ሥራ ግን ለብዙ ዘመን ያወቀው ሰው አልነበረም። በ1869 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ ፓውል ላንገርሃንስ የተባለ የሕክምና ተማሪ ቆሽትን በማጉያ መነጽር ሲመለከት፥ በባሕር መካከል እንዳሉ ደሴቶች ተበታትነው የሚታዩ ጥቃቅን ክምሮችን አየ። አይቶም ጻፋቸው እንጂ ምን እንደሚሠሩ ለመናገር አልደፈረም። ከ20 ዓመት በኋላ በ1889 ዓ.ም. በስትራስቡርግ ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሐኪሞች የአንድ ውሻ ቆሽት ቢያወጡ ውሻው በስኳር በሽታ ተያዘ። እንዲህ ሆኖ የበሽታው ምንጭ ከወዴት እንደ ሆነ ታወቀ።

በአንድ ሰው ቆሽት ውስጥ እነዚህ ደሴቶች 1 ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ ሁሉም በአንድነት ቢመዘኑ ግን ከቆሽቱ ክብደት ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ቢሆኑ ነው። በደሴቶቹም ውስጥ ሊቃውንት ቤታ ብለው የሰየሟቸው ሕዋሳት አሉ። ሕዋስ ማለታችን፥ ቤት ከድንጋይ እንደሚሠራ ሁሉ ሰውነታችን የተሠራበትን በዓይን የማይታይ ክፍል ነው። ቤታ ሕዋሳት የደሙን ስኳር ሁልጊዜ እየመረመሩ ልክ በሆነ መጠን ኢንሱሊን የተባለውን ቅመም ያፈልቃሉ፤ ስኳሩም ከደም ወጥቶ ወደ ሥጋ የሚገባው በዚህ ኃይል ነው። በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሰውነት ዘበኞች፥ ማለት ከውጭ የሚመጣውን ተሐዋሲ የሚዋጉት ሕዋሳት፥ ተሳስተው የገዛ አገራቸውን ሰው እንደ ጠላት ይቈጥሩና ቤታ ሕዋሳትን ይፈጃሉ።

ከ1922 ዓ.ም. በፊት ይህ በሽታ የያዘው ልጅ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሞት ነበር። ሐኪሞችም የነበራቸው ጥበብ ምግብ እየቀነሱ ልጁን በረኃብ ጥቂት ማቈየት ብቻ ነበር። ቀደም ብሎ በ1893 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል የአንድ የ15 ዓመት ልጅ ሐኪም ከበግ ቆሽት ቈርጦ በልጁ ቆዳ ሥር ቢቀብርለት፥ ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ። በ1921 ዓ.ም. በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ባንቲንግና ቤስት ከውሻ ቆሽት ኢንሱሊንን ጨምቀው አወጡ። በጥር ወር 1922 ዓ.ም. ክብደቱ 30 ኪሎ ግራም እንኳ የማይሞላ የ14 ዓመት ልጅ ተወጋ፤ የመጀመሪያው መርፌ ያልጠራ ስለ ነበረ ብዙ ጥቅም አልሰጠም፤ ኮሊፕ የተባለው ባልደረባቸው ካጠራው በኋላ በ12ኛው ቀን ሲደገምለት ግን የደሙ ስኳር ወረደ። ያም ልጅ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ለዓለም ሁሉ የተሰጠ ታላቅ ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ኢንሱሊን በሽታውን ያስታግሣል እንጂ አያድንም። ቤታ ሕዋስ በየደቂቃው የሚሠራውን ሥራ እናት በቀን አራት ጊዜ በመርፌ እንድትሠራው ማድረግ ነው፤ እናት ደግሞ የቱንም ያህል ብትተጋ ቤታ ሕዋስ አትሆንም።

በ1991 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ለነበሩት ለዳግላስ ሜልተን ይህ ሐሳብ ከመጽሐፍ የተገኘ ሳይሆን በገዛ ቤታቸው የደረሰ ነበር። እኒህ ሊቅ እስከዚያ ዘመን ድረስ የሚመረምሩት የእንቁራሪት እንቁላል እንዴት እየተከፋፈለ ሙሉ እንስሳ እንደሚሆን ነበር። በዚያ ዓመት ገና የ6 ወር ሕፃን የነበረው ወንድ ልጃቸው በስኳር በሽታ ተያዘ። አባትየው የእንቁራሪቱን ምርመራ ትተው፥ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሥራቸውን ሁሉ አዲስ ቤታ ሕዋስ የሚገኝበትን መንገድ ለመፈለግ ሰጡ። ከ10 ዓመት በኋላም ሴት ልጃቸው በ14 ዓመቷ በዚያው በሽታ ተያዘች።

በ2000 ዓ.ም. ከካናዳ ከኤድመንተን ከተማ የተሰማው ወሬ የብዙ ቤተ ሰቦችን ልብ አነቃቃ። ዶክቶር ጄምስ ሻፒሮና ባልደረቦቻቸው ከሞቱ ሰዎች ቆሽት ደሴቶቹን ለይተው አውጥተው፥ ወደ ጉበት በሚሄደው የደም ሥር በኩል ለ7 በሽተኞች ሰጧቸው። ሰባቱም መርፌውን ተዉት። ወዲያው ግን ሁለት ችግር ታየ። አንደኛው፥ ከባዕድ የመጣውን ሥጋ የሰውነት ዘበኞች እንዳይፈጁት በሽተኛው እነርሱን የሚያደክም ብርቱ መድኃኒት መዋጥ ነበረበት፤ ያም ሆኖ በ2005 ዓ.ም. በወጣው መግለጫ ከ5 ዓመት በኋላ ያለ መርፌ መኖር የቻሉት ከመቶ 10 ያህል ብቻ ነበሩ። ሁለተኛው ችግር የቍጥር ነው። ለአንድ በሽተኛ የሁለት ሟቾች ቆሽት ያስፈልግ ነበር፤ በሽተኞቹ ደግሞ በሚሊዮን ይቈጠራሉ። እንግዲህ ደሴት የሚበቅልበት እርሻ ካልተገኘ ይህ ሕክምና ለጥቂቶች ብቻ የሚሆን ነገር ነበር።

ስለ ቆሽት ዘር የተነሣው ተስፋ የጠነከረው በዚህ ጊዜ ነው። በሰውነታችን በአንዳንዱ ስፍራ፥ ለምሳሌ በአጥንት መቅን ውስጥ፥ ግንደ ሕዋሳት የሚባሉ አሉ። ግንድ ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ ሁሉ እነርሱም ራሳቸው ሳያልቁ ሌሎችን ልዩ ልዩ ሕዋሳት ያወጣሉ፤ ደማችን ዕድሜያችንን በሙሉ የሚታደሰው በእነርሱ ነው። በቆሽትስ ለምን አይኖርም? በፅንስ ጊዜ ደሴቶቹ የሚበቅሉት ከቆሽት ቦዮች እንደ ሆነ አስቀድሞ ታውቋል፤ ስለዚህ በጎለመሰ ሰውም ቦይ ላይ ከዚያ ዘር የተረፈ አለ ብሎ ማሰብ እንግዳ ነገር አልነበረም። በዚያው በ2000 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ከአይጥ ቆሽት ቦይ የተወሰዱ ሕዋሳት በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አድገው ደሴት የሚመስል ነገር ሠሩ፤ ለታመሙ አይጦችም ሲሰጡ አይጦቹ ያለ ኢንሱሊን ለመኖር ቻሉ። በቦስተንም ሱዛን ቦነር ዌር የተባሉት ሴት ሊቅ ደሴቶቹ ተለይተው ከወጡ በኋላ ከተረፈው የሰው ቆሽት፥ ይጣል ከነበረው ክፍል፥ ኢንሱሊን ያለባቸው ጥቃቅን እንቡጦች አበቀሉ።

ከዚህ የሚበልጥ መልካም ወሬ ምን ይኖራል? በሽተኛው የራሱን ቆሽት ዘር አብቅሎ መልሶ ይወስዳል፤ ሟች መጠበቅም፥ ስለ ፅንስ መከራከርም ይቀራል። ነገር ግን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ የሚሆነው በሕያው ሰውነት ውስጥ ከሚሆነው ጋር ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ደግሞም ከቦዩ ጋር ጥቂት የቀድሞ ቤታ ሕዋሳት ተቀላቅለው ገብተው እንደ ሆነ አዲስ የበቀለውን ከነበረው ለመለየት አስቸጋሪ ነው።

ነገሩን ለመለየት የቈረጡት እነዚያው አባት ናቸው። በሜልተን የምርመራ ቤት ዩቫል ዶር የተባሉ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ምርመራ በ2004 ዓ.ም. ታተመ። ዘዴውን በአገራችን ምሳሌ ብንገልጸው የሚሻል ይመስለናል። አንድ ሰው ብዙ ከብት አለው እንበል። አንድ ቀን ከመንጋው ከፊሎቹን ምልክት አደረገባቸው፤ ምልክቱም ከእናት ወደ ጥጃ የሚወረስ ይሁን። ከዓመት በኋላ ቢቈጥር የባለ ምልክቶቹ ድርሻ እንደ ፊቱ ሆኖ ቢያገኘው፥ አዲሶቹ ጥጆች ሁሉ ከዚያው ከመንጋው ተወልደዋል። ምልክት የሌላቸው በዝተው ቢያገኝ ግን ከሌላ በረት የገባ ከብት አለ ማለት ነው። ዶርም እንዲሁ በጎለመሱ አይጦች ውስጥ ኢንሱሊን ከሚያፈልቁት ሕዋሳት ከፊሎቹን በማይፋቅ ምልክት ለዩ። ምልክቱንም ሕዋሱ ሲከፈል ለልጆቹ ያወርሰዋል። እስከ አንድ ዓመት ድረስ ጠብቀው ቈጠሩ፤ የሌሎቹንም አይጦች ከቆሽታቸው ከመቶ 70 እጁን ቈርጠው አውጥተው፥ ቀሪው ሲያገግም ቈጠሩ። የባለ ምልክቶቹ ድርሻ አልጐደለም። አዲሶቹ ቤታ ሕዋሳት የተወለዱት ከቀድሞዎቹ ቤታ ሕዋሳት ነው እንጂ ከተሰወረ ግንድ አልነበረም።

የዚህን ውጤት ክብደት አንባቢ ያስተውል። ቤታ ሕዋስ የሚወለደው ከቤታ ሕዋስ ብቻ ከሆነ፥ ቤታ ሕዋሳቱ ያለቁበት ልጅ ዘር የለውም ማለት ነው። ይህን ለዓለም ያሳተሙት ደግሞ የሁለት በሽተኞች ልጆች አባት ናቸው። ሰው የሚመኘውን ነገር ለማግኘት ብዙ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈልጋል፤ እኒህ አባት ግን ዓይናቸውን ገልጠው ቢፈልጉ አጡት፥ ማጣታቸውንም አልሸሸጉም። እኛ ከመርፌው መፈልሰፍ ቀጥሎ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምናደንቀው ይህን ነው።

ክርክሩ ግን በዚህ አልተዘጋም። በ2008 ዓ.ም. በብራስልስ ሃሪ ሃይምበርግና ባልደረቦቻቸው የአይጥ ቆሽት ቦይ በክር ቢታሰር፥ በቦዩ ዙሪያ የተኙ ሕዋሳት ነቅተው ቤታ ሕዋስ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገለጡ። ከእርሳቸው በኋላ ግን የቦዩን ሕዋሳት ራሳቸውን በምልክት የተከታተሉ ሌሎች ሊቃውንት በጎለመሰ አይጥ ይህን ለማግኘት አልቻሉም። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በጄኔቫ ፔድሮ ሄሬራ የአይጦችን ቤታ ሕዋሳት ከሞላ ጐደል በሙሉ አጥፍተው በኢንሱሊን መርፌ በሕይወት ቢያቈዩአቸው፥ በዚያው በደሴቱ የሚኖሩት አልፋ የተባሉት ጎረቤቶች ሥራቸውን ለውጠው ኢንሱሊን ማፍለቅ ጀመሩ። ይህ ግንደ ሕዋስ አይደለም፤ የጐደለውን የሥራ ስፍራ ጎረቤት ሲሸፍን እንደ ማለት ነው። በሰው ዘንድ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል፤ የሰው ቤታ ሕዋሳት የሚበዙት በሕፃንነት ነውና፥ በጎለመሰ ሰው መከፈላቸውን ሊተዉ ጥቂት ብቻ ይቀራቸዋል።

በጎለመሰ ቆሽት ውስጥ ያለው በር ጠባብ መሆኑን የተረዱት ሜልተን ወደ ሌላው በር ሄዱ። ይህም ሰውነት ሁሉ ከሚበቅልበት፥ ከመጀመሪያው የፅንስ ሕዋስ መነሣት ነው። ስለዚህ ነገር የሃይማኖትና የሕግ ሰዎች ብርቱ ክርክር አንሥተውበታል፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቡሽም በነሐሴ ወር 2001 ዓ.ም. ከዚያ በኋላ ከፅንስ ለሚወጡ ሕዋሳት የመንግሥት ገንዘብ እንዳይሰጥ ከለከሉ። ክልከላው እስከ 2009 ዓ.ም. ጸና። ሜልተን በግል ገንዘብ እየሠሩ 17 አዳዲስ የሕዋስ ዘሮች አዘጋጅተው በ2004 ዓ.ም. ለሌሎች መርማሪዎች አደሉ። የቀረው፥ ፅንሱ በማኅፀን ውስጥ በየደረጃው የሚያደርገውን በጠርሙስ ውስጥ እየመሰሉ ማድረግ ነበር። የትኛው ቅመም በየትኛው ቀን፥ በምን መጠን ይጨመር የሚለውን ለማወቅ ዓመታት አለፉ። በ2014 ዓ.ም. በመቶ ሚሊዮን የሚቈጠሩ፥ ስኳር ሲያዩ ኢንሱሊን የሚያፈልቁ የሰው ቤታ ሕዋሳትን ማብቀላቸውን አሳተሙ። ልጃቸው ከታመመ 23 ዓመት ሆኖት ነበር። ሥራውንም ለማስፋፋት ያቋቋሙትን ማኅበር ከሁለቱ ልጆቻቸው ስም አጣምረው ሴማ ብለው ጠሩት፤ ቨርቴክስ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በ2019 ዓ.ም. በ950 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

ውጤቱ በሰው ላይ ተፈትኖ በሰኔ ወር 2025 ዓ.ም. ታትሟል። ሕዋሳቱን በሙሉ መጠን ከተቀበሉት 12 በሽተኞች 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን ሳይወጉ ይኖሩ ነበር። በፈተናው ከገቡት 14 ሰዎች ሁለቱ ሞተዋል፤ መርማሪዎቹ ምክንያቱ ሕዋሳቱ እንዳልሆኑ ጽፈዋል። ነገር ግን ዘበኞቹን የሚያደክመው መድኃኒት ዕድሜ ልክ እንደሚያስፈልግ ሆኖ ይቀራል፤ ለዚህም ነው ሕክምናው በመጀመሪያ የተሞከረው ስኳራቸው በድንገት እየወረደ ለሞት በሚያሰጋቸው ጐልማሶች ላይ እንጂ በሕፃናት ላይ ያልሆነው። መርፌን በሌላ አደጋ መለወጥ ለሕፃን ሁልጊዜ ትርፍ አይደለም።

የበሽተኛውን የራሱን ዘር የመጠቀም ሐሳብም ፈጽሞ አልሞተም፤ ስፍራውን ለወጠ እንጂ። በ2024 ዓ.ም. ከቻይና አገር እንደ ተገለጸው፥ በቲያንጂን ከአንዲት የ25 ዓመት ሴት ከገዛ ጮማዋ ሕዋሳት ተወስደው በቅመም ኃይል ወደ ፅንስ ጠባይ ተመለሱ፤ ከዚያም ደሴት ሆነው በሆዷ ጡንቻ ሽፋን ሥር ተቀመጡላት። ከ75 ቀን በኋላ መርፌውን ተወች። ይህች ሴት ግን ቀደም ብሎ ጉበት የተተከለላት ስለ ነበረች ዘበኞቹን የሚያደክመውን መድኃኒት ድሮውኑ ትወስድ ነበር፤ ስለዚህ የራስ ሥጋ ያለ መድኃኒት ይጸና እንደ ሆነ ከእርሷ ለመረዳት አይቻልም።

በዚህ ስፍራ ለቤተ ሰብ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ አንወድም። «በግንደ ሕዋስ ስኳርን እናድናለን» እያሉ ብዙ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች በብዙ አገር ተነሥተዋል። ከላይ የተናገርናቸው ሥራዎች ሁሉ በታላላቅ የምርመራ ስፍራዎች፥ በጥቂት ሰዎች ላይ፥ በጥብቅ ቍጥጥር የተደረጉ ናቸው። በእንዲህ ያለ ተስፋ ተታሎ የልጁን ኢንሱሊን ያቋረጠ ወላጅ ልጁን በጥቂት ቀን ውስጥ ሊያጣ ይችላል። ደግሞም ልጅ ከልማዱ ውጭ ውሃ እየደጋገመ ሲጠጣ፥ ሽንቱ ሲበዛ፥ ሌሊት መኝታውን ማርጠብ ሲጀምርና እየበላ ሲከሳ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

በቦስተን ከተማ ያለው የጆስሊን የስኳር ሕክምና ቤት ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ 50 ዓመት በኢንሱሊን መርፌ ለኖሩ በሽተኞች ሜዳልያ ሲሸልም ኖሯል። በ2010 ዓ.ም. ከተሸላሚዎቹ 411ዱ ቢመረመሩ፥ ከመቶ 67 የሚሆኑት በደማቸው ውስጥ ከገዛ ቆሽታቸው የፈለቀ ኢንሱሊን ምልክት፥ በጥቂቱም ቢሆን፥ ተገኘባቸው። ከእነርሱ ከሞቱት የ9ኙ ቆሽት ሲታይ ደግሞ በዘጠኙም ውስጥ ኢንሱሊን ያላቸው ሕዋሳት ነበሩ። ዘበኞቹ 50 ዓመት ሙሉ ሲያሳድዷቸው ከኖሩ በኋላ እነዚህ ሕዋሳት ከጥንቱ መንጋ የተረፉ ሽማግሌዎች ይሁኑ፥ ወይስ በየጊዜው እየተወለዱ የሚገደሉ ጥጆች፥ ሊቃውንቱ ዛሬም የሚከራከሩበት ነገር ነው።